ቆልማማ እግር ይዞ ለሚወለድ ሕፃን፦ ትንሹ ቀዶና ረጅሙ ትዕግሥት

 

 በዛሬው የቤተሰብ ዝግጅታችን የምናነሳው ጉዳይ በነቀምቴ፣ በጊምቢ፣ በመንዲ፣ በቤጊ፣ በደምቢ ዶሎ፣ በሻምቡና በአርጆ፣ እንዲሁም በዙሪያቸው በሚገኙ መንደሮች ያለ ቤተሰብ ሁሉ ሊያውቀው የሚገባ ነው። ይኸውም እግሩ ወደ ውስጥ ዞሮ ስለሚወለድ ሕፃንና ስለ ሕክምናው ነው። በተለይም ወላጆችን ከሁሉ ይበልጥ ስለሚያስፈራው፣ ከተረከዝ በላይ ያለውን ጅማት ቆርጦ ስለመልቀቅ በሰፊው እንነጋገራለን።

ከመነሻው አንድ ነገር ግልጽ እናድርግ። በቋንቋችን «ቋንጃ መቁረጥ» ሲባል የሚታወሰን ማሽመድመድ፣ እንዳይሄድ ማድረግ ነው። ስለዚህ ሐኪም «የልጃችሁን የተረከዝ ጅማት እንቆርጣለን» ሲል እናት ብትደነግጥ፣ አባትም ልጁን ይዞ ወደ ቤቱ ቢመለስ አይገርምም። እውነታው ግን ተቃራኒው ነው። ይህ ቀዶ ልጁ እንዲሄድ የሚደረግ ነው። ከጠቅላላው ሕክምናም ትንሹና አጭሩ ክፍል እርሱ ነው። እግሩን የሚያቃኑት ከቀዶው በፊት ያሉት የጀሶ ሳምንታትና ከቀዶው በኋላ ያሉት የልዩ ጫማ ዓመታት ናቸው። እንግዲያው ልንፈራ የሚገባን ቢላውን ሳይሆን መዘግየትንና ማቋረጥን ነው።

ቆልማማ እግር ምን ዓይነት ነው?

ማንኛውም ሕፃን በማኅፀን እንደነበረው እግሩን አጣጥፎ ይወለዳል። ጤናማውን እግር በእጅ ቀስ አድርገን ብናቃናው ግን ይቃናል። ቆልማማ እግር እንዲህ አይታዘዝም። የእግሩ የፊት ክፍል ወደ ውስጥ ይዞራል፤ ውስጥ እግሩ ወደ ሌላኛው እግር ይመለከታል፤ ተረከዙ ወደ ላይ ተሰቅሎ ጣቶቹ ወደ ታች ያመለክታሉ።

በዓለም ላይ ከ1,000 ሕፃናት አንዱ ገደማ እንዲህ ሆኖ ይወለዳል። በአገራችን በዓመት ከ3 ሚሊዮን በላይ ሕፃናት የሚወለዱ በመሆኑ ጉዳዩ የጥቂት ቤተሰቦች ብቻ አይደለም። በወንዶች ላይ ከሴቶች በእጥፍ ያህል ይበዛል። ከሚወለዱትም ግማሽ ያህሉ ሁለቱም እግሮቻቸው የዞሩ ናቸው።

ሕፃኑን በዚያን ጊዜ አያመውም። በመሆኑም ብዙ ቤተሰብ «ሲያድግ ይስተካከላል» ብሎ ይተወዋል። ነገር ግን በራሱ አይስተካከልም። ልጁ ቆሞ መሄድ ሲጀምር በእግሩ ጎን ወይም በላዩ ይረግጣል። ቆዳው ይደድራል፣ ይቆስላል፤ ጫማ አይገባለትም። ትምህርት ቤትና መድረሳ መመላለስ ይከብደዋል። ሴት ልጅ ከሆነች ደግሞ ውሃ መቅዳቱም ሆነ ገበያ መሄዱ ሁሉ ሥቃይ ይሆንባታል።

ስለዚህ አንድ ምክር እንለግስ። በሰባተኛው ቀን ለዐቂቃ ቤተሰብ ሲሰበሰብ፣ ሕፃኑ ስም ሲወጣለትና ፀጉሩ ሲላጭ፣ እግሮቹም ይታዩ። አያቶችና አክስቶች በተሰበሰቡበት መጠቅለያው ይፈታና ሁለቱ እግሮች ጎን ለጎን ይመርመሩ። ሕክምናው ቢጀመር የሚመረጠው ልክ በእነዚያ የመጀመሪያ ሳምንታት ነውና።

የማን ጥፋት ነው?

የማንም አይደለም። አብዛኛውን ጊዜ ትክክለኛ መንስኤው አይታወቅም። በአንዳንድ ቤተሰቦች በዘር የመተላለፍ ዝንባሌ አለው። አንዳንዴ ከሌላ የነርቭ ወይም የጀርባ አጥንት ችግር ጋር ስለሚመጣ ሐኪሙ የሕፃኑን ጀርባና ዳሌ ጭምር ይመረምራል። እናት በእርግዝና ጊዜ ስለሠራችው ሥራ፣ ስለበላችው ወይም ስላየችው ነገር የመጣ አይደለም።

ይሁንና በየሰፈሩ «እርግማን ነው»፣ «የወላጅ ኃጢአት ነው» ሲባል እንሰማለን። በዚህ ሰበብ ባሏ ያኮረፋት፣ አማቷ የራቀቻት፣ ልጇን በጋቢ ሸፍና ከሰው ያራቀች እናት ጥቂት አይደለችም። ዲናችን ግን ማንም ነፍስ የሌላውን ኃጢአት እንደማትሸከም አስተምሮናል። ዓይን (ሐሰድ) እውነት መሆኑን እናምናለን፤ በሕፃኑ ላይ ቁርኣን መቅራትና ዱዓ ማድረግም መልካም ነው። ነገር ግን ሩቅያ የሕክምና ምትክ ተደርጎ ሳምንታቱ በከንቱ ማለፍ የለባቸውም። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) የአላህ ባሮች መድኃኒት እንዲፈልጉ ማዘዛቸውን፣ ከእርጅና በቀር አላህ ፈውስ ያላደረገለት በሽታ እንደሌለም መናገራቸውን አቡ ዳውድና ቲርሚዚ ዘግበዋል። ተወኩል ማለት ሰበቡን አድርሶ ውጤቱን ለአላህ መተው ነው።

«የአላህን ፍጥረት መለወጥ አይሆንም ወይ?» የሚል ጥያቄም ይነሳል። ለውበት ብቻ ፍጥረትን መለወጥና ጉዳትን ማስወገድ የተለያዩ ናቸው። ዐርፈጃ ቢን አስዐድ (ረ.ዐ.) የተባሉት ሰሓቢይ በጦርነት አፍንጫቸውን አጥተው ከብር አሠርተው ነበር። ብሩ በሸተተባቸው ጊዜ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ከወርቅ እንዲያሠሩ ፈቀዱላቸው። ወርቅ ለወንድ በተከለከለበት ሸሪዓ ለጉዳት ሲባል ይህ ከተፈቀደ፣ የሕፃንን እግር ለማቃናት መታከም ምን ያህል የተፈቀደ እንደሚሆን ማሰብ ነው።

የጀሶው ሳምንታት

ዛሬ በአገራችንም ሆነ በዓለም የሚሠራበት ዘዴ በፈልሳፊው ስም የፖንሴቲ ዘዴ ይባላል። ዶክተር ኢግናሲዮ ፖንሴቲ እ.ኤ.አ. በ1914 በስፔኗ ሜኖርካ ደሴት ተወልደው በአሜሪካ አዮዋ ዩኒቨርሲቲ ሲያክሙ የኖሩ፣ በ2009 ያረፉ ሐኪም ናቸው። በእርሳቸው ዘመን ቆልማማ እግር የሚታከመው በሰፊ ቀዶ ጥገና ነበር። እግሩ ተከፍቶ ብዙ መገጣጠሚያዎችና ጅማቶች ይለቀቁ ነበር። ሕፃናቱ ሲያድጉ ግን እግራቸው ይደርቅና ያማቸው ነበር። ዶክተር ፖንሴቲ ከ1940ዎቹ ማብቂያ ጀምሮ ሌላ መንገድ ያዙ፤ ይኸውም የሕፃኑን ለስላሳ እግር በእጅ ቀስ በቀስ ማቃናትና በጀሶ መያዝ ነው። እርሳቸው ያከሟቸው ሕፃናት ጎልማሶች ከሆኑ በኋላ ተመርምረው ውጤቱ በ1995 ታትሟል። ከእነርሱ መካከል 78 በመቶው እግራቸው ጥሩ ወይም በጣም ጥሩ ሆኖ ተገኝቷል። እንዲህ ያለ ችግር ሳይኖርባቸው ከተወለዱ ሰዎች መካከል ይህን ደረጃ ያገኙት 85 በመቶ ነበሩ። ልዩነቱ ምን ያህል ጠባብ እንደሆነ ልብ በሉ።

አሠራሩ እንዲህ ነው። ባለሙያው የሕፃኑን እግር ለጥቂት ደቂቃ በእጁ እያሸ ወደ ውጭ ያቃናዋል፤ ከዚያም ከጣቶቹ እስከ ታፋው ድረስ ጉልበቱን አጥፎ በጀሶ ይይዘዋል። ጀሶው ከጉልበት በታች ብቻ ቢሆን ይንሸራተታል፤ የእግሩንም መዞር አይይዝም። በሳምንቱ ጀሶው ይፈታና እግሩ ትንሽ ተጨምሮ ተቃንቶ እንደገና ይታሸጋል። ብዙውን ጊዜ ከ4 እስከ 7 ጀሶ ይበቃል። ለውጡን ለመከታተል በካናዳ የሚኖሩት ዶክተር ሻፊቅ ፒራኒ ያወጡት መለኪያ ያገለግላል። ከ0 እስከ 6 ነጥብ አለው፤ ቁጥሩ እየቀነሰ በሄደ መጠን እግሩ እየተስተካከለ ነው ማለት ነው።

በእነዚህ ሳምንታት እናት ልብ ልትለው የሚገባ ነገር አለ። ጀሶው ውሃ እንዳይነካው ገላውን በእርጥብ ጨርቅ ማጠብ ይገባል። ጣቶቹ ዘወትር መታየት አለባቸው። ጣቶቹ ከጠቆሩ፣ ከነጡ፣ ካበጡ ወይም ከቀዘቀዙ፣ ወደ ውስጥ ገብተው ከጠፉ፣ ጀሶው ከሸተተ ወይም ሕፃኑ ካተኮሰው በዚያው ቀን ወደ ጤና ተቋም መሄድ ግድ ነው። ከሩቅ የምትመጣ እናት ጀሶው በውሃ ርሶ በችግር ጊዜ እንዴት እንደሚፈታ አስቀድማ ባለሙያውን ትጠይቅ፤ የክሊኒኩንም ስልክ ትያዝ።

ጅማቱ ለምን ይቆረጣል?

ጀሶው የእግሩን የፊት ክፍልና መሐሉን ያቃናል። ተረከዙ ግን ብዙውን ጊዜ እንደተሰቀለ ይቀራል። ምክንያቱም ከባት ጡንቻ ተነስቶ ተረከዝ ላይ የሚያርፈው፣ በሕክምናው ዓለም የአኪለስ ጅማት የሚባለው፣ በወፍራምና ጥቅጥቅ ባሉ ክሮች የተገመደ ስለሆነ ነው። ሌሎቹ ጅማቶች በጀሶ ሲሳቡ ይላላሉ፤ እርሱ ግን አይላላም። በግድ ወደ ላይ ቢገፋ ተረከዙ ሳይወርድ የእግሩ መሐል ይለጠጥና ውስጥ እግሩ እንደ ጀልባ ሆድ ይጎብጣል። አንዱን ችግር ስናቃና ሌላ ችግር ፈጠርን ማለት ነው። ስለዚህ ከ10 ሕፃናት 8 ወይም 9ኙ ይህ ጅማት እንዲለቀቅላቸው ያስፈልጋል።

ቀዶው የሚሠራው እግሩ በሚገባ ወደ ውጭ ከዞረ በኋላ ነው። ቦታው በሚያደነዝዝ መድኃኒት ይደነዝዛል። በአንዳንድ ሆስፒታል በተለይ ከፍ ያሉት ሕፃናት በማደንዘዣ ይተኛሉ፤ ያን ጊዜ ከመቼ ጀምሮ መጥባት ማቆም እንዳለባቸው ባለሙያው ይነግራችኋል። ከዚያ ሐኪሙ ከተረከዙ 1 ሴንቲ ሜትር ያህል ከፍ ብሎ በቀጭን ቢላ ጅማቱን ይቆርጠዋል። ቆዳው ላይ የሚታየው ቀዳዳ ጥቂት ሚሊ ሜትር ነው። ጅማቱ እንደተለቀቀ እግሩ ከ15 እስከ 20 ዲግሪ ያህል ወደ ላይ ይወጣል። ደሙ እስኪቆም ለጥቂት ደቂቃ በፋሻ ይያዛል፤ አይሰፋም። የመጨረሻው ጀሶ ይደረግለትና በአብዛኛው በዚያው ቀን ወደ ቤቱ ይመለሳል።

ወንድ ልጃችንን ለኺታን ስንወስድ በደስታ ነው። የዚህ ቀዶ ቁስል ከኺታኑ ያነሰ ነው። በቤተሰቡ ውስጥ ደሙ ቶሎ የማይረጋ ሰው ካለ ግን ለሐኪሙ ከቀዶው በፊት መንገር ያስፈልጋል። ጀሶው ላይ ትንሽ የደም ነጠብጣብ መታየቱ የተለመደ ነው፤ እየሰፋ የሚሄድ ከሆነ ግን ወደ ክሊኒኩ መመለስ ይገባል።

«የተቆረጠ ጅማት ተመልሶ ይገጥማል ወይ?» ትሉ ይሆናል። አዎን፣ በአላህ ፈቃድ ይገጥማል። በሕፃን ላይ አላህ ያኖረው የመጠገን ኃይል ድንቅ ነው። በተቆረጠው መካከል አዲስ ጅማት ያድጋል፤ ጅማቱም ቀድሞ ከነበረው ረዝሞ ይገጥማል። የመጨረሻው ጀሶ 3 ሳምንት የሚቆየው ለዚህ ነው።

እውነተኛው ፈተና፦ የሌሊቱ ጫማ

ጀሶው ሲፈታ እግሩ ቀጥ ብሎ ይታያል፤ ቤተሰቡም ያመሰግናል። ብዙዎች የሚሳሳቱት እዚህ ላይ ነው። «ዳነ፣ ተፈጸመ» ብለው ይቀራሉ። እግሩ ግን ወደ ቀድሞ ቅርጹ ሊመለስ ይፈልጋል። ይህን የሚከለክለው በአንድ ብረት የተያያዘ ጥንድ ልዩ ጫማ ነው። ብረቱ የትከሻው ስፋት ያህል ሆኖ እግሮቹን ወደ ውጭ አዙሮ ይይዛቸዋል።

ጫማው በመጀመሪያዎቹ 3 ወራት በቀን 23 ሰዓት ይደረጋል፤ አንዷ ሰዓት ለገላና ለመታሸት ናት። ከዚያ በኋላ ሌሊትና ቀን ሲተኛ ብቻ ሆኖ እስከ 4 ዓመቱ ይቀጥላል። ቀን ላይ ልጁ እንደ ማንኛውም ልጅ ይድሃል፣ ይሮጣል።

በዘዴው መምሪያ ላይ የሰፈረ አንድ ነገር አለ። ጫማውን እንደታዘዘው በሚያደርጉ ቤተሰቦች ዘንድ እግሩ ተመልሶ የሚቆለምመው ከ100 በ6ቱ ብቻ ነው። በማያደርጉት ዘንድ ግን ከ100 ከ80 በላይ ነው። ከቢላውም ከጀሶውም ይልቅ የልጁን ዕጣ የምትይዘው ሌሊት ጫማውን የምታስር እጅ ናት።

በቤታችን ይህን የሚያሰናክለው ክፋት አይደለም፤ ርኅራኄ ነው። ልጁ በመጀመሪያዎቹ ቀናት ያለቅሳል። አያቱ «ልጁን አታሰቃዪው፣ ዛሬን ይረፍ» ይላሉ። እናትም ደክማ ትፈታዋለች። የዛሬዋ ሌሊት ነገን ትወልዳለች፤ ልጁም ባለቀሰ ጊዜ እንደሚፈታለት ይማራል። ስለዚህ አያት፣ አባት፣ አክስት ሁሉ ስለ ጫማው አብረው ይማሩ። የጥጥ ካልሲ ይደረግለት፤ ተረከዙ ጫማው ውስጥ በደንብ መቀመጡ ይታይ፤ ቆዳው እንዳይላጥ በየቀኑ ይመርመር። ጫማው ከጠበበው ወይም ካቆሰለው መፍትሔው ወደ ክሊኒክ መውሰድ ነው፤ ሳጥን ውስጥ ማስቀመጥ አይደለም።

ስለ ወጌሻ

ወጌሻ በአገራችን የተከበረ ሙያ መሆኑን እናውቃለን። ነገር ግን የሕፃን እግር በቀርከሃ ጠብቆ ቢታሰር የደም ዝውውሩ ይቋረጣል። በኢትዮጵያ እንዲህ ባለ ጠባብ እስር ምክንያት እጅና እግር ሞቶ መቆረጡ በሐኪሞች ደጋግሞ የተመዘገበ ጉዳይ ነው። ከሰፈራችን ወጌሾች ጋር ተቀያይመን ሳይሆን ተማክረን፣ እንዲህ ያለ ሕፃን ሲመጣላቸው ወደ ጤና ተቋም እንዲልኩ እንጠይቃቸው። የሰው ልጅ አገልጋይ ሁሉ በአጅሩ ይካፈላል።

ወዴት እንሂድ?

መጀመሪያ በቅርብ ያለችው የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያ ወይም ጤና ጣቢያው ይጠየቅ። ከዚያ በነቀምቴ ስፔሻላይዝድ ሆስፒታልና በወለጋ ዩኒቨርሲቲ ሪፈራል ሆስፒታል፣ «ለቆልማማ እግር ጀሶ የሚያደርገው ክፍል የት ነው?» ብሎ መጠየቅ ይቻላል። በአዲስ አበባ ከእ.ኤ.አ. 2008 ጀምሮ ሕፃናትን የሚያክመው ኪዩር ሆስፒታል አለ። ሆፕ ዎክስ የተባለው ድርጅትም በአገራችን በሚገኙ የመንግሥት ሆስፒታሎች ውስጥ ይህን ሕክምና ይደግፋል።

«የሌላ እምነት ሰዎች ያቋቋሙት ነው» ብለው የሚያመነቱ ወላጆች አሉ። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) በሂጅራ ጉዟቸው ሕይወታቸውን አደራ ሰጥተው መንገድ እንዲመራቸው የቀጠሩት ዐብዱላህ ቢን ኡረይቂጥ በዚያን ጊዜ ሙስሊም አልነበረም። ታማኝና ሙያውን የሚያውቅ ስለነበር ነው። በአይራና በጊምቢ ባሉት የሚሲዮን ሆስፒታሎችም ስንት ሙስሊም እናት ወልዳለች፣ ስንት በሽተኛስ ታክሟል። እምነታችንን ጠብቀን በሙያቸው መጠቀም አያሳፍርም፤ ላደረጉልን መልካም ነገር ማመስገንም ከሥነ ምግባራችን ነው።

ትልቁ ችግር መንገዱ ነው። ከጊምቢ ነቀምቴ 110 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ ከደምቢ ዶሎ ነቀምቴ ደግሞ ከ300 ኪሎ ሜትር በላይ ነው። ይህን በየሳምንቱ ሕፃን ታቅፎ መመላለስ ቀላል አይደለም። እ.ኤ.አ. ከ2018 ወዲህ በወለጋ በተለያዩ አካባቢዎች በደረሰው የጸጥታ ችግር ብዙ ቤተሰብ ከቤቱ መውጣት የተቸገረበት ጊዜም ነበር። ሕክምናው በነጻ በሚሰጥበት እንኳ የመኪናው፣ የማደሪያውና የምግቡ ወጪ በእናት ጫንቃ ላይ ነው። ሕክምና ያቋረጠችን እናት ከመውቀሳችን በፊት የመሳፈሪያ ነበራት ወይ ብለን እንጠይቅ።

ለዚህም ጀመዓው አለ። የመስጂድ ኮሚቴ ለስድስትና ለሰባት ሳምንት የአንዲትን እናት መሳፈሪያ ቢሸፍን፣ ነቀምቴ ያለ ቤተሰብ ሕፃን ይዛ ከሩቅ ለመጣች እህት አንድ ሌሊት ማደሪያ ቢሰጣት፣ ይህ ሰደቃ የሰው እግር ሆኖ ይቆማል። ለችግረኞች ዘካ ሲታደልም እንዲህ ያሉ ቤተሰቦች ይታሰቡ። መንገድ ተዘግቶባት ያቋረጠች እናትም ተስፋ አትቁረጥ፤ መንገዱ ሲከፈት ሕክምናው ካለበት ይቀጥላል።

ልጁ ካደገስ?

ዕድሜው ገፍቶ በቆልማማ እግሩ የሚሄድ ልጅ ያላችሁም አትቅሩ። በዚህ ዘዴ መራመድ የጀመሩ፣ ከዚያም ከፍ ያሉ ልጆች ይታከማሉ። ጀሶው ይበዛል፤ አንዳንዴም ሌላ ቀዶ ይጨመራል እንጂ በሩ አልተዘጋም። ሳይታከሙ ያደጉትንም አናሸማቅቅ። ባልደረቦች በዐብዱላህ ቢን መስዑድ (ረ.ዐ.) እግሮች ቅጥነት በሳቁ ጊዜ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) እነዚያ እግሮች በሚዛን ላይ ከኡሑድ ተራራ እንደሚከብዱ ነግረዋቸዋል። የሰው ክብሩ በአላህ ዘንድ በተቅዋው ነው።

ውድ ወላጆች፣ ልጅ አማና ነው። ዛሬ በየሌሊቱ የምናስረው ጫማ ነገ ልጃችን በሶላት ሰፍ ውስጥ ከጓደኞቹ ጎን ሁለት እግሩን ዘርግቶ እንዲቆም፣ ሱጁድ ወርዶ ያለ ሥቃይ እንዲነሳ፣ በገዛ እግሩም መድረሳው እንዲደርስ የምናደርግበት ሰበብ ነው። ሰበቡን እናድርስ፤ ሺፋው ከአላህ ነው። አላህ ሕፃናቶቻችንን ይማርልን፤ ለእናቶቻቸውም ሶብሩን ይስጣቸው።